ለቤት የፖከር ቺፕ ምን ቀለም እንምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የድሮ ግቢ በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ ስምንት ሆነን ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። በገንዘብ አንጫወትም፤ የምንቆጥረው ነጥብ ነው። መጀመሪያ ነጥቡ ያለቀበት ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። ነጥቡን የምንቆጥርባቸውን ክብ ጠፍጣፋ ቺፖች በራሳችን ቀለምና ሥዕል ነው ያሠራናቸው። ያያቸው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «እኛም ልናሠራ አስበናል፤ ቀለሙን እንዴት መረጣችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ያሠራነው ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ስብስብ ያስጣለን ቀለሙ ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከሁለቱም የተገኙ ናቸው።

ቁጥሩ ቺፑ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? ቀለሙ ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል?

ተጽፏል፤ ነገር ግን በጨዋታ መካከል የሚያነበው የለም። ቺፖች የሚቀመጡት ተደራርበው ነው። የተለመደው ቺፕ ስፋቱ 39 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ሃያው ሲደራረብ ከቡና ሲኒ ትንሽ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ያለው ፊቱ ላይ ስለሆነ ከላይኛው በቀር የሁሉም ይሸፈናል። ከማዶ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ጠርዙን ብቻ ነው። ሌላው ስንት ነጥብ እንደቀረው፣ መካከል ላይ ስንት እንደተከመረ የሚያውቀው በዚያች ቀጭን የቀለም መስመር ነው።

የመጀመሪያው ስብስባችን ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ነበር። ቀን ሲታይ ያምር ነበር፤ ዛሬም ፎቶው ላይ ያምራል። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋና በባትሪ ፋኖስ ቀጠልን። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ሦስት ቺፕ አንሥተው በሁለት ጣታቸው ወደ መሐል ገፉ። ሦስት ሃያ አምስት፣ ማለትም ሰባ አምስት ነጥብ መስሏቸዋል። ሦስቱም ጥቁር ነበሩ፤ ሦስት መቶ ነጥብ። ያወቅነው ዙሩ አልቆ ቺፑ ሲቆጠር ነው። እንመልስልዎ ብንላቸው እንቢ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና አንዱን ጥቁር ከአንዱ ሰማያዊ ጋር አጣብቀው፣ ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በሥራ ዘመናቸው ሌሊት ሌሊት ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ ከሩቅ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥፋቱ ቀለሙን የመረጥነው የእኛ እንደሆነ ለማስረዳት ደከምን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አልመጡም። ሁለተኛውን ስብስብ ያሠራነው ለእርሳቸው ብለን ነው።

አንድ የተለመደ የቀለምና የዋጋ ሥርዓት አለ ይባላል። እሱን መከተል ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ልማዱ ግን ጠንካራ ነው። ነጭ 1፣ ቀይ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100፣ ወይን ጠጅ 500። ይህ ቅደም ተከተል ከአሜሪካ ካዚኖዎች የመጣ ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት እንዲያውም የካዚኖ ቺፕ ቀለም በመንግሥት መመሪያ የተወሰነ ነው፤ ሮዝ ሁለት ዶላር ተኩል፣ ቢጫ ሃያ ዶላር እያለ ይዘረዝረዋል። በየቤቱ ይገኝ የነበረው የቀድሞው ሳጥን ግን ሦስት ቀለም ብቻ ነበረው፤ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ። ከሦስቱ ትልቁ ዋጋ የሰማያዊው ነበር። በአክሲዮን ገበያ የታላላቅና የታመኑ ኩባንያዎች አክሲዮን «ብሉ ቺፕ»፣ ማለትም ሰማያዊ ቺፕ፣ የሚባለው ከዚህ በመነሣት ነው።

ሌላ ቦታ የተጫወተ እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ ነጩ ትንሽ፣ ጥቁሩ ትልቅ እንደሆነ ሳይነገረው ይገምታል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች፣ ነጩንና ጥቁሩን፣ ባትነኳቸው እመክራለሁ። ከፈዛዛ ወደ ጥቁር ሲኬድ ዋጋው የሚጨምር ከሆነ ለማስተማርም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መካከል ላይ ያሉት ግን የእናንተ ናቸው፤ እንደ ቤታችሁ ለውጧቸው።

ስንት ቀለም ያስፈልገናል?

አራት። ዋጋቸው እያንዳንዱ ካለፈው አራት ወይም አምስት ጊዜ ሲበልጥ ሒሳቡም መልሱም ቀላል ይሆናል፤ 1፣ 5፣ 25፣ 100 የሚለው ለዚህ ነው የተወደደው። አምስተኛ ቀለም የሚያስፈልገው ረጅም ውድድር ለሚያካሂዱ ሰዎች ነው፤ እነሱ ውርርዱ እያደገ ሲሄድ ትንንሾቹን ቺፖች እየሰበሰቡ በትልልቆቹ ይለውጣሉ። ስምንትና ዘጠኝ ቀለም ያዘዙ ሰዎች አውቃለሁ። ግማሹ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም፤ ከዚህም በላይ አንድ ቀለም በተጨመረ ቁጥር ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ጥንድ ይፈጠራል።

ከእያንዳንዱ ቀለም ስንት እናሠራ? የምንወደውን ቀለምስ ለየትኛው ዋጋ እናድርገው?

እኛ እያንዳንዱ ሰው በ200 ነጥብ ይጀምራል፤ 15 ባለ 1፣ 12 ባለ 5 እና 5 ባለ 25 ይሰጠዋል። ለስምንት ሰው 120 ባለ 1፣ 96 ባለ 5 እና 40 ባለ 25 ማለት ነው። ስለዚህ 120፣ 100፣ 50፣ እንዲሁም 30 ባለ 100 ብናሠራ ድምሩ 300 ይሆናል፤ ለመለዋወጫም ይተርፋል።

አሁን ቁጥሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከ300 ቺፕ ውስጥ 220ው የሁለቱ ትንንሽ ዋጋዎች ነው። ማታውን ሙሉ ዓይናችሁ የሚያርፍበት፣ እጃችሁ ሳያውቀው የሚያገላብጠው፣ እንግዳ ፎቶ የሚያነሣው እነሱን ነው። ብዙ ሰው ግን የሚወደውን ቀለም ለትልቁ ዋጋ ያስቀምጠዋል፤ ክብር የሰጠው ይመስለዋል። ያ ቀለም ማታውን አብዛኛውን ጊዜ ሳጥን ውስጥ ያድራል። የምትወዱትን ቀለም ለባለ 5ቱ ስጡት።

ሱቅ ውስጥ ወይም ስልክ ላይ የወደድነው ቀለም ቤት ሲገባ ለምን ይለወጣል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ድሬ ውስጥ ሰው ካርታ ለመጫወት የሚሰበሰበው የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ በረንዳ ላይ በአንድ አምፖል ሥር ነው። ወይም ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ክፍሉ ደብዘዝ ብሎ ነው። ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው አምፖል፣ ካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚለው፣ በውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ነው። ሰማያዊ ቺፕ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው የሚያንጸባርቀው ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ካላገኘ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይሆናል፤ ወይን ጠጁ ወደ ቡናማ ያደላል። ነጭ፣ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ አንድ ይመስላሉ፤ ብርቱካናማና ቀይም ይቀራረባሉ። 6,500 ኬልቪን የሚለው ነጭ አምፖል ለሰማያዊ ይሻላል፤ ነገር ግን ሰው በረንዳው ላይ እንደ ክሊኒክ ያለ ብርሃን አይወድም፤ እኔም አልወድም። ስለዚህ አምፖሉን ከመለወጥ ቀለሙን ለአምፖሉ መምረጥ ይቀላል።

አምፖሉ የሚሰቀልበት ቦታም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከአናት በላይ ስለሚሆን የቺፑ ፊት ይበራል፤ ጠርዙ ግን ጥላ ውስጥ ይቀራል። ከማዶ የሚታየው ደግሞ ያው ጠርዙ ነው። ፊቱ ላይ ደማቅ የሆነ ቀለም ጠርዙ ላይ አንድ ደረጃ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ አስባችሁ ምረጡ።

የዓይን ዕድሜም አለ። የሰው ዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሰማያዊውን ብርሃንም ያስቀራል። ለሃያ ዓመት ወጣት በግልጽ የሚለይ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር፣ ለሰባ ዓመት አዛውንት በዚያው አምፖል ሥር አንድ ቀለም ሊሆን ይችላል። ይህንን ያወቅነው ጋሼ ከቀሩ በኋላ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ አባት፣ እናት ወይም አጎት የሚቀመጡ ከሆነ የቀለም ምርጫው መጀመር ያለበት ከእነሱ ወንበር ነው።

ከማዘዛችን በፊት ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል፤ ወጪውም አንድ ወረቀት ማሳተም ነው። ያሰባችኋቸውን ቀለሞች 3 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ቀጫጭን መስመሮች አሳትሙ፤ ትልቅ ክብ አድርጋችሁ አትሞክሩ፤ ትልቅ ሲሆን ሁሉም ቀለም ያምራል። መስመሮቹን ቆራርጣችሁ በቡና ሲኒ ዙሪያ እንደ ቀለበት እያደረጋችሁ ለጥፏቸው፤ ያኔ የተደራረበ ቺፕ ይመስላል። ሲኒውን ሁልጊዜ በምትጫወቱበት ቦታ፣ በምትጫወቱበት ሰዓት፣ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጡት። ከዚያ በዕድሜ ትልቁን ሰውና መነጽር የሚያደርገውን ሰው ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች እንዲቆጥሩ ጠይቁ። «ይኼ ሰማያዊ አይደለም?» ብላችሁ ፍንጭ አትስጧቸው፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። ጥቂት እንኳ ካመነቱ ያ ቀለም አልፎ አይሂድ። መብራቱን አጥፍታችሁ በስልክ ባትሪም ድገሙት፤ የመብራት መጥፋት እንግዳ ነገር አይደለምና።

በመጨረሻ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። አራቱ ቀለሞች አራት የተለያዩ ግራጫዎች ሆነው ከታዩ ሥራው አልቋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ በቀለም የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ አንዱን አፍዝዙት ወይም አጥቁሩት። የመጀመሪያው ስብስባችንን ፎቶ ዘግይተን በዚህ መንገድ ብንፈትነው ቀይና ብርቱካናማው ሊለዩ አልቻሉም፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁሩም እንዲሁ። አራት ቀለም ብለን የከፈልንበት ለዓይን ሁለት ቀለም ነበር።

የቀለሙን ስም ነግረን ብናዝዝ አይበቃም?

አይበቃም። በእኛ ቋንቋ የቀለም ስም ሰፊ ነው። «ሐምራዊ» በሉ፤ አንዱ ሮዝ ያመጣላችኋል፣ ሌላው ወይን ጠጅ። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሰው ለሁለት ተከፍሎበታል፤ እስካሁንም አልታረቀም። «ሰማያዊ» ሲባል የባጃጅ ሰማያዊም አለ፣ የተማሪ ቤት ሹራብ ጥቁር ሰማያዊም አለ። የመጀመሪያውን ስብስብ ያሠራልን ማተሚያ ቤት «ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ» ብለነው እንደገባው አደረገው፤ ሰውየው አልተሳሳተም።

ሁለተኛውን ስናሠራ ሐረር ወጣን። በደንገጎ ጠመዝማዛ አድርጎ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያገኘው ጠባብ መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ፤ ጨርቁ በየበሩ ተንጠልጥሎ ነው። እዚያ ለቀለም የሚሆን ዓይን ያላቸው ሰዎች አሉ። አንድ ልብስ ሰፊ አረንጓዴ ክር እንደምንፈልግ ስንነግራቸው «ለቀን ነው ለማታ?» ብለው ጠየቁን። ለማታ ስንላቸው አንዱን ጥቅልል ወደ ስፌት መኪናቸው ጥላ አስገብተው አሳዩን፤ ጥላ ውስጥም አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ከአራቱም ቀለም አንዳንድ ጥቅልል ገዝተን፣ ክሩን በአሮጌ ቺፕ ጠርዝ ላይ ጠምጥመን ለሠሪዎቹ ናሙና አድርገን ላክነው። እንደ ክር ያለ ናሙና የለም፤ በእጅ ይያዛል፣ በቃል ትርጉም አይጣላም።

በኮምፒውተር የምትነድፉ ከሆነ ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያበራው ብርቱካናማና አረንጓዴ በወረቀትና በፕላስቲክ ላይ በዚያው ድምቀት አይታተምም። ሠሪውን የሕትመት ቀለም ቁጥር ጠይቁት፤ ሦስት መቶውን ከማሠራታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ አንድ ናሙና ይላክልን በሉ። ናሙና አልሰጥም የሚል ሠሪ ጋር አትሂዱ።

ድሬ ሆነን ብርቱካናማ እንዴት እንተወዋለን?

አትተዉት። የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ካላችሁ፣ ብርቱካናማዎቹን የሚወድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ቀለም ማስከበር ከባድ ነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማ ካለ ቀይ አይኑር። በቢጫ አምፖል ሥር ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ቢጫም ከብርቱካናማ ጋር ሲሆን ፈዘዝ ብሎ ሎሚ የሚመስል መሆን አለበት።

የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለም ብናደርገውስ? ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው ቢኖርስ?

ሁለቱን አንድ ላይ የምመልሰው የተያያዙ ስለሆኑ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ለማንኛችንም ልብ የቀረቡ ናቸው። ይሁን እንጂ አረንጓዴና ቀይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቀለም መለየት ችግር ደግሞ በትክክል እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቀው ነው። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። ያለበት ሰው ራሱ ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል፤ በሰው ፊት ብትጠይቁትም ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቁ አስቀድማችሁ አስተካክሉት፤ ቀዩን ጠቆር አድርጉት፣ አረንጓዴውን ከፈት አድርጉት፤ ጠርዙ ላይ የሚገባውንም ምልክት ለየቅል አድርጉት።

ጠርዙ ላይ ያሉት ቁርጥራጭ ቀለሞች ለጌጥ ናቸው?

ከጌጥ በላይ ናቸው። ቺፕ ሲደራረብ እነዚያ ቁርጥራጮች ከሩቅ እንደ ፊደል ይነበባሉ፤ ከተደራረቡት መካከል ባዕድ ቺፕ ከገባም ወዲያውኑ ያጋልጡታል። የአንድ ብር ሳንቲምን ተመልከቱ፤ ዙሪያውና መካከሉ በቀለም ስለሚለያይ ከሌሎቹ መካከል ዓይን ሳይደክም ይወጣል።

የቆየው ልማድ ዋጋው ሲጨምር ምልክቱ እንዲበዛ ነው። እኛ ባለ 1ን ያለ ምንም ምልክት ተውነው፤ ባለ 5 ላይ ሁለት፣ ባለ 25 ላይ አራት፣ ባለ 100 ላይ ስምንት አደረግን። መርሁ አንድ ነው፤ በጥቁር ላይ ፈዛዛ፣ በፈዛዛ ላይ ጥቁር። በአረንጓዴ ላይ ቀይ ምልክት ያየሁበት ስብስብ አለ፤ ማታ ቡናማ ሆኖ ነው የሚታየው።

ከምን ቢሠራ ነው ቀለሙ የሚያምረው?

ርካሹ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ለክብደት ብረት አለው። ፊቱ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ይለጠፋል፤ ጠርዙ ግን ፋብሪካው የሰጠው ቀለም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት የምትመርጡት ቀለም የጠርዙን ነው፤ ተለጣፊው ሁለተኛ ነገር ነው። ሴራሚክ የሚባለው በስሙ እንደሸክላ ይምሰል እንጂ ከፕላስቲክ ዘር ነው፤ ፊቱም ጠርዙም ላይ የፈለጉትን ቀለም ማተም ስለሚቻል ለራስ ንድፍ እንደሱ የሚመች የለም። ሦስተኛው የሸክላ ድብልቅ ነው፤ ቀለሙ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ስለሚጨመቅ ቢፈገፈግም አይለቅም፤ የቀለም ምርጫው ግን ሠሪው ባለው ዓይነት የተወሰነ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲይዝላችሁ ከሆነ ክብደቱን አስቡለት። 300 ሴራሚክ ቺፕ፣ አንዱ 10 ግራም ቢሆን፣ 3 ኪሎ ነው። ብረት ያለው ባለ 14 ግራም ፕላስቲክ ከሆነ 4 ኪሎ ከ200 ይደርሳል።

የጠረጴዛው ጨርቅ ወይም ምንጣፉ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ቺፕ ይጠፋል። የእኛ አካባቢ ችግር ግን ቀይ ነው። ሐረሪ ቤት ውስጥ መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ምንጣፉም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ድሬም ቢሆን ፍራሽ ላይ ክብ ሠርቶ ለሚጫወት ሰው ከሥር ያለው ምንጣፍ ቀይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀይ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ቀይ ቺፕ በማግሥቱ ቤት ሲጠረግ ነው የሚገኘው። ከማዘዛችሁ በፊት የምትጫወቱበትን ነገር ፎቶ አንሥታችሁ አጠገባችሁ አድርጉ።

የብር ኖት ቀለም ብንከተልስ? «ብር» ብለን ብንጽፍበትስ?

የመጀመሪያው መልካም ሐሳብ ነው። ሰው የኪሱን ገንዘብ አንብቦ ሳይሆን በቀለሙ ነው የሚያውቀው። 2013 መስከረም ላይ የወጣው ባለ 200 ብር ወይን ጠጅ ስለሆነ፣ አምስተኛ ቀለም የምትጨምሩ ከሆነ ወይን ጠጅን ለትልቁ ዋጋ ብታደርጉት ማንም አይስተውም።

«ብር» ብሎ መጻፉን ግን አልመክርም። ነጥብ ለሚቆጥር ቤት ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። ጎረቤት ቢያይ፣ ልጅ ቢያይ፣ ቤት ውስጥ ቁማር አለ ብሎ እንዲያስብ ምክንያት አትስጡት። በከተማችን በገንዘብ መጫወትን በሃይማኖቱ የሚከለከል ሰው ብዙ ነው፤ እኛም ጋ እንዲህ ያሉ ሁለት ጓደኞች ያለ ሐሳብ የሚቀመጡት ጠረጴዛው ላይ ብር የሚል ቃል እንኳ ስለሌለ ነው።

ነጭ ቺፕ በአቧራ አይበላሽም?

ይበላሻል፤ በድሬ አቧራና በላብ እጅ ነጭ በስድስት ወር ውስጥ ግራጫ ይሆናል። ክሬም ይሻላል፤ እንደ አዲስ ነጭ አይን አይወጋም፣ ሲቆሽሽም አያስታውቅም። የሙሸበክ ዘይትና ስኳር ሲነካው ግን የትኛውም ቀለም ይያያዛል፤ ስለዚህ ጣፋጩ ከጨዋታው በኋላ ይቅረብ፣ ወይም የእጅ መታጠቢያ ውሃ አብሮ ይምጣ። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ተለጣፊ ያለበትን አትዘፍዝፉ፣ የሸክላ ድብልቁን ሙቅ ውሃ አታስነኩት።

ፀሐይ ላይ አታስጡት። በየሱቁ በር ላይ የከረመ ማስታወቂያ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አይታችኋል፤ ቀዩና ቢጫው ቀድሞ ስለሚለቅ ነው። የታተመ ብርቱካናማ ደግሞ የተሠራው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው።

እናንተ በመጨረሻ ምን መረጣችሁ?

ክሬም 1፣ ብርቱካናማ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100 ነጭ ምልክቶች ያሉት። ነጩን ወደ ክሬም ከማድረጋችን በቀር ከተለመደው ሥርዓት የለወጥነው ቀዩን ብቻ ነው፤ ምንጣፋችን ቀይ ስለሆነ፣ ድሬም ድሬ ስለሆነች።

አዲሱ ስብስብ የመጣ ዕለት ጋሼን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይዘናቸው መጣን። ስለ ቺፑ ምንም አልነገርናቸውም። አምፖሉ እንደ ወትሮው ነበር፤ ከማዶ ስድስት ቺፕ ደርድረን አስቀመጥን። መነጽራቸውን ሳያወጡ «አረንጓዴ አራት፣ ጥቁር ሁለት። ሦስት መቶ» አሉ። ከዚያም ካርታውን ራሳቸው አነሡና ማደል ጀመሩ።

እኛ አስቀድመን አሠርተናል፤ ቀለሙ ግን ያስቸግራል። ምን እናድርግ?

ሁሉንም አትጣሉ። መጀመሪያ ከሚመሳሰሉት ጥንዶች አንዱን ከጨዋታ አውጡ፤ በሦስት ቀለም መጫወት ይቻላል። ካልበቃችሁ አራት ቦታ ላይ ጠርዙን በነጭ የዘይት ቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ቀጭን ብሩሽና አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ሳይደርቅ ግን አትደርድሩት። ወይም የሚያስቸግረውን አንድ ቀለም ብቻ በሌላ አሠሩ፤ ስፋቱና ውፍረቱ ከቀሪዎቹ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ።

ከእኛ የድሮ ስብስብ ብርቱካናማውንና ጥቁር ሰማያዊውን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አውጥተን ለግቢው ልጆች ሰጠናቸው። በቆርኪ ይጫወቱት የነበረውን ዳማ አሁን በእነሱ ነው የሚጫወቱት፤ ሁለቱ ቀለሞች ለብቻቸው ሲሆኑ ከበረንዳው ጫፍ ድረስ ይለያሉ።